ደጋ ላይ ብስክሌት ለሚነዱ፦ በጀርባ የሚታዘል የውኃ ቦርሳ እንዴት ይመረጣል?

ደብረ ታቦር፦ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው የአስፋልት መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸው ያለውን 900 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት መኪና በአንድ ሰዓት ገደማ ይወጣዋል፤ ብስክሌተኛ ግን ግማሽ ቀኑን ይሰጠዋል። ከደብረ ታቦር በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚቀጥለው መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በስተቀኝ የሚታየው የጉና ተራራ አናት 4,100 ሜትርን ያልፋል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ውኃ የሚሸጥበት ሱቅና ውኃ የሚጠማበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

የብስክሌት ነገር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። የባሕር ዳር ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ውኃ የጠማውም ሰው ጥቂት እንደ ነዳ ሱቅ ያገኛል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይጠይቃል። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር የግብርና ባለሙያም ሆነ ለስፖርት ብሎ ዳገት የሚወጣ ወጣት አራትና አምስት ሰዓት በኮርቻ ላይ ለመቆየት ካሰበ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ውኃው ነው።

ደጋ ላይ ብዙ ውኃ አያስፈልግም የሚለው ግምት ብዙዎችን ያሳስታል። በፎገራ ሜዳ ላብ በግንባር ላይ ሲወርድ ስለሚታይ ሰው መጠጣት እንዳለበት ራሱ ይገነዘባል። በደጋው ግን አየሩ ደረቅና ነፋሻ በመሆኑ ላቡ ሳይታይ ይተናል። በየትንፋሹ የሚወጣው እርጥበትም ቀላል አይደለም። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በጉና አናት ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሳንባ የጎደለውን ኦክስጅን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ በዚያው ልክ ውኃ ያወጣል። የፀሐይ አልትራ ቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1.2 ሊትር ፈሳሽ አጥቶ ካልተካ ከክብደቱ 2 በመቶ አጥቷል ማለት ነው፤ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ጉልበት መድከም ይጀምርበታል ብለው የሚጠቅሱት መጠንም ይኸው ነው። ራስ ምታትና ድካም ይከተላሉ። ዳገት ላይ ይህ ሲደርስ ቁጭ ብሎ ማረፍ ይቻላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን ለመያዝ የዘገየ እጅ ከሚመጣ አይሱዙ ጋር ያገናኛል።

ውኃ ይዞ መጓዝ ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እረኛ ቅሉን፣ ወታደር ኮዳውን፣ ነጋዴ ስልቻውን ይዞ ኖሯል። ደብረ ታቦር በሸክም ታሪክ የምትታማ ከተማም አይደለችም፤ ጋፋት ላይ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ እስከ መቅደላ የተጎተተው በሰው ጉልበት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሁለት ኪሎ ውኃ አሸካከም መጻፍ ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን ብስክሌት ላይ ሁለት ኪሎ በተሳሳተ ቦታ ከተቀመጠ ሰውን ይጥላል።

በጀርባ የሚታዘለውና በቱቦ የሚጠጣው የውኃ ቦርሳ ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ኤድሰን የተባለ አሜሪካዊ በቴክሳስ ግዛት በሙቀቱ በታወቀ የ160 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ውድድር ላይ ሊሳተፍ ይዘጋጅ ነበር። ሰውየው የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ስለነበር እኛ ዘንድ በተለምዶ «ግሉኮስ» የሚባለው ፈሳሽ የሚሰጥበትን ከረጢት በውኃ ሞልቶ ካልሲ ውስጥ ከተተው፤ ካልሲውን ከሸሚዙ ጀርባ ጋር ሰፍቶ ቱቦውን በትከሻው ላይ አሳልፎ በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ካሜልባክ የተባለው የቦርሳ ስም የተወለደው ከዚህ ነው። ትርጉሙም «የግመል ጀርባ» እንደማለት ነው።

በአስፋልት ላይ የሚወዳደር ብስክሌተኛ ብዙውን ጊዜ ከብስክሌቱ አካል ጋር በተያያዘ መያዣ ውስጥ ባለ ጠርሙስ ይጠጣል። በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ የተሰለፉት ብስክሌተኞችም፣ በ2008 ዓ.ም የቱር ደ ፍራንስን ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የተወዳደሩት በአስፋልት ላይ ነው። በጥርጊያና በኮረኮንች መንገድ ግን ጠርሙስ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ለመጠጣት አንድ እጅን ከመሪው ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ድንጋይ በበዛበት መንገድ፣ ይልቁንም የመንደር ውሻ እየተከተለ ይህ አይሞከርም። ሁለተኛው ብዙም አይነገርም፦ የፊተኛው ጎማ የሚረጨው ጭቃና እበት በቀጥታ የሚያርፈው በጠርሙሱ አፍ ላይ ነው። ከብት በሚነዳበት መንገድ ላይ ይህ የሆድ ሕመም መነሻ ነው። የጀርባ ቦርሳው ሁለቱንም ያስቀራል። ቱቦው በደረት ላይ ስለሚውል እጅ ከመሪ ሳይለይ ይጠጣል፤ አፉም ከመንገዱ ርቆ ይቀመጣል።

በከተማ ውስጥ ለሚነዳ ወይም እስከ አንድ ሰዓት ለሚደርስ ጉዞ ግን ይህን ቦርሳ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጠርሙስ ይበቃል።

ለረጅም ጉዞ የሚመረጠው መካከለኛው መጠን ነው። ገዢዎች የሚሳሳቱት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ቦርሳው ላይ «12 ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ዕቃ የሚይዝበት ስፋት እንጂ የውኃው ልክ አይደለም። የውኃው ከረጢት ለብቻው ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ይይዛል። አንዳንድ አምራቾች የውኃውን ቦታ ጨምረው ይጽፋሉ፣ አንዳንዶቹ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ጽሑፉን አምኖ ከመግዛት ከፍቶ ማየት ይሻላል። ከ8 እስከ 15 ሊትር ስፋት ያለው ቦርሳ መካከለኛ ሊባል ይችላል። ከውኃው ሌላ የዝናብ ልብስ፣ መንፊያ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና የጎማ መለጠፊያ፣ ጥቂት መፍቻዎች፣ ስልክና ስንቅ ይይዛል። ከወረዳ ከተማ ሲወጡ ጎሚስታ የለም፤ ስለዚህ መለዋወጫው ቅንጦት አይደለም። ከዚያ በላይ የሚሰፋ ቦርሳ ግን ባዶ ቦታው የማያስፈልግ ዕቃ ያስጨምራል።

የውኃው መጠን የሚሰላው በሰዓት ነው። በመጠነኛ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሙቀትና በከባድ ዳገት ይጨምራል። ለአምስት ሰዓት ጉዞ ሁለት ሊትር ተኩል ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሦስት ሊትር የሞላ ቦርሳ ከነዕቃው ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። በመንገዱ ላይ ንጹሕ ውኃ የሚገኝበት ቦኖ እንዳለ በርግጥ ከታወቀ ሁለት ሊትር ይዞ መንገድ ላይ መሙላት ጀርባን ያሳርፋል። ከሚያስፈልገው በላይ መጠጣትም ጉዳት አለው፤ በብዙ ሰዓት ውስጥ ያለ ጨው ንጹሕ ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ያወርዳል፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያስከትላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚያስፈልጉት ለረኃብ ብቻ አይደለም፤ በውስጣቸው ጨው ካለ ይህንንም ይተካሉ።

ቦርሳ ሲለካ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የጀርባ ርዝመት ነው። ይህን ነገር የጀርባ መርጫ ተሸክሞ ማሳውን የረጨ አርሶ አደር ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ማንገቻው የላላና ወገብ ላይ ያልተጠበቀ መርጫ ሰውየው ባጎነበሰ ቁጥር ውኃው ወደ አንድ ጎን እየሄደ ትከሻ ይቆርጣል። ብስክሌትም ላይ እንዲሁ ነው፤ ነጂው ወደ ፊት ስለሚያጎነብስ የላላ ቦርሳ ወደ አንገት ይንሸራተትና ቁልቁለት ላይ የራስ መከላከያውን ከኋላ ይገፋዋል። ልኩ የሚወሰደው በቁመት አይደለም። ጭንቅላት ሲያጎነብስ ከአንገት ሥር ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ጀምሮ እጅ በወገብ ላይ ሲጫን እስከሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ድረስ በሜትር ይለካል። የወገብ ማሰሪያው በዳሌ አጥንቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ሆድ ላይ ካረፈ ቦርሳው አጭር ነው፣ ከዳሌ በታች ከወረደ ረጅም ነው። ረጅም ሰው አጭር ጀርባ፣ አጭር ሰውም ረጅም ጀርባ ሊኖረው ስለሚችል ለወንድምና ለጓደኛ ተብሎ በግምት የሚገዛ ቦርሳ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ሱቅ ውስጥ ባዶ ቦርሳ አዝሎ መስተዋት ማየት አይበቃም። ከረጢቱን ውኃ ሞልቶ፣ የደረትና የወገብ ማሰሪያውን ቆልፎ፣ ብስክሌት ላይ እንዳለ ሰው አጎንብሶ ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ያስፈልጋል። ውኃው ከሰውየው ዘግይቶ የሚንገዋለል ከሆነ ቦርሳው ይቅር። የደረት ማሰሪያው ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነም እንዲሁ፤ በዳገት ላይ ደረት የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። ከጀርባ ጋር የሚገናኘው ክፍል አየር የሚያሳልፍ ቦይ ቢኖረው ይመረጣል። በላብ የራሰ ሸሚዝ በጋሳይ ነፋስ ላይ ሲደርስ ብርድ ይሆናል። ቀለሙ ደማቅ ይሁን፤ ጉም ሲወርድ ጥቁር ቦርሳ ያዘለ ብስክሌተኛ ለሾፌር አይታይም።

ስለ ከረጢቱ ምርጫ አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ እርሱም የአፉ ስፋት ነው። ጠባብ አፍ ያለው ከረጢት ርካሽና ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ከጀሪካን ሲሞላም ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። ሙሉ እጅ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ያለው ይመረጥ። ቱቦው ከከረጢቱ የሚነቀል፣ የሚነከሰው ጫፍ የሚፈታና ክዳን ያለው ሊሆን ይገባል። በበጋ አቧራማ መንገድ ክዳን የሌለው ጫፍ ከጠርሙሱ አፍ አይሻልም። ከረጢቱ ለምግብና ለመጠጥ ከሚሆን ፕላስቲክ መሠራቱን የሚያመለክት ጽሑፍ ይፈለግ።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ አለ። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። ኬሚካሉ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይወጣል። የመርጫ ቱቦ ቆርጦ ለመጠጫ ቱቦነት መጠቀምም ያው ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚታሰብ ከሆነ ከወዲሁ ይተው። ባዶ የኬሚካል ዕቃ ተበስቶ ከጥቅም ውጪ መሆን ይኖርበታል። በሌላ በኩል በጀርባ የሚታዘለው የውኃ ቦርሳ ለአጨዳና ለእርሻ ሥራም ያገለግላል፤ ማጭድ ሳይጥሉ መጠጣት ያስችላል። ኬሚካል በሚረጭበት ቀን ግን ቦርሳው ከማሳው ርቆ ይቀመጥ፤ በተበከለ እጅ የተያዘ የቱቦ ጫፍ መርዙን በቀጥታ ወደ አፍ ያደርሳል።

ቦርሳው ምንም ያህል ቢያምር የውስጡን ውኃ አያነጻም። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ይወርዳሉ፤ በበጋ ጠርተው ቢታዩም በዳርቻቸው ከብት ይጠጣል። የጎለበተ ምንጭ፣ የእጅ ፓምፕና ቦኖ ከወንዝ ይሻላሉ። እንደ ውኃ አጋር ያለ የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀም ሰው በቤቱ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ በመመሪያው መሠረት አክሞ፣ 30 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያ ከረጢቱን ቢሞላ ይቀለዋል፤ ለሁለት ሊትር ለብቻው መጠኑን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። የደፈረሰ ውኃ በመጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጣራ። ማፍላት የሚመርጥ ሰው ከፍታውን ያስብ፦ በደብረ ታቦር ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በመሆኑ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ መቆየት ይኖርበታል። የፈላው ውኃ ሳይቀዘቅዝ ወደ ከረጢቱ አይገልበጥ፤ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል።

በሶ ለብስክሌተኛ ከሚመከሩት ስንቆች ሁሉ በደጋው ሰው እጅ ያለ ምርጥ ስንቅ ነው። ሆኖም በከረጢቱ ውስጥ መበጥበጥ አይገባም። የገብስ ዱቄቱ በቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ውሎ ሲያድር ይቦካል፤ ሽታውም ከፕላስቲኩ በቀላሉ አይለቅም። ስኳር፣ ማርና ጭማቂም ከበሶ የተለየ ዕጣ የላቸውም። በሶው በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ይያዝ ወይም ጭኮ ሆኖ በኪስ ይቀመጥ፤ ከረጢቱ ለውኃ ብቻ ይተው።

አዲስ የውኃ ቦርሳ በዞኑ ከተሞች ሱቆች ሁልጊዜ አይገኝም፤ ብዙ ሰው የሚያገኘው በሰልባጅ ነው። ሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም፤ ቦርሳውና ከረጢቱ ግን ለየብቻ ይመርመሩ። የቦርሳው ዚፕና ዘለበት መሥራታቸው፣ የማንገቻው ስፌት አለመተርተሩ ይታይ። ከረጢቱ በውኃ ተሞልቶ፣ አፉ ተዘግቶ፣ በደረቅ ጋዜጣ ላይ ተኝቶ በመዳፍ ይጫን፤ ወረቀቱ ከረጠበ ቀዳዳ አለው። ቱቦው ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ በውስጡ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ እንዲህ ያለው ከረጢትና ቱቦ በነጻም ቢሆን አይወሰድ። ቦርሳው ጤነኛ ከሆነ እርሱን ገዝቶ ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለውን ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ ከጀርባ ጋር አስጠግቶ በመሐል ማስቀመጥ ይቻላል። ለመጠጣት መቆም ግድ ይሆናል እንጂ ውኃው ያው ውኃ ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት ቦርሳ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ የጎደለው የወገብ ማሰሪያ ብቻ ስለሆነ አንድ መቀነት ወይም ቀበቶ ያስተካክለዋል።

አስተሻሸጉም የራሱ ሥርዓት አለው። ከባድ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶና ዝቅ ብሎ፣ የዝናብ ልብስ ከላይ፣ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከውኃው ርቆ ይቀመጣል። ሹል መፍቻ ከከረጢቱ ጋር አይጎራበት። ከረጢቱ ከተሞላ በኋላ ተገልብጦ በቱቦው በኩል አየሩ ቢወጣ ውኃው በየጉድጓዱ መንቦጫረቁን ይተዋል።

በጾም ወራት እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃ የማይቀምሱ ብስክሌተኞች ረጅሙን ጉዞ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ወይም ወደ ማታ አጭር መንገድ መምረጥ ይበጃቸዋል። ለሌላው ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሥቶ ቀትር ሳይደርስ ትልቁን ዳገት መጨረስ ውኃም ጉልበትም ይቆጥባል። መጠጣቱም እስኪጠማ ሳይጠበቅ በየ15 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ መሆን አለበት።

ከጉዞ መልስ የቀረው ውኃ ተደፍቶ ከረጢቱ በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል። ሽታ ካለው የሎሚ ጭማቂ ወይም አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ ተበጥብጦ ለጥቂት ሰዓት ይቆይበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ መቀላቀል ግን ኃይላቸውን ያጠፋዋል። ለቱቦው ውስጥ በረጅም ሲባጎ ጫፍ ላይ የታሰረ ንጹሕ ጨርቅ መሳብ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ አፉ ተከፍቶ፣ ሁለት ጎኖቹ እንዳይጣበቁ በመካከሉ የታጠበ የእንጨት ማንኪያ ገብቶ፣ በጥላ ሥር ተሰቅሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የዋለ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰነጠቃል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወደ ጉና ግርጌ በጠዋት የሚወጡ ሰዎች የሚገጥማቸው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ውኃ በጀርባ ሙቀት ይጠበቃል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ውኃ ግን ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በጠጡ ቁጥር በቱቦው በኩል መልሶ ወደ ከረጢቱ መንፋት፣ ቱቦውንም በጃኬት ውስጥ አሳልፎ ጫፉን በአንገት ሥር ማስቀመጥ። ፀሐይዋ ጅብራው ላይ ደርሳ ሲሞቅ ቱቦው ወደ ውጪ ይመለሳል።